የወገብ ሕመምና የሌሊት ሽንት አብረው ሲመጡ

ወገቡን የሚያመውና ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሣ ሰው ችግሩን ለወዳጅ ዘመድ ሲያዋይ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኩላሊትህን ነው» ይባላል። ከዚያም የገብስ ውሃ፣ ተልባ፣ የበቆሎ ጸጉር ፍልና ሌላም ሌላም ይታዘዝለታል፤ ከበድ ካለ ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጥ ክኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይውጣል። እኔም 60 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ሁለቱ ሕመሞች ተከታትለው ሲመጡብኝ ይህንኑ ምክር ከየአቅጣጫው ሰምቻለሁ። ምርመራው ሲጠናቀቅ ግን ኩላሊቶቼ ጤነኞች መሆናቸው፣ የወገቤ ሕመም ከአከርካሪዬ፣ የሌሊቱ ሽንት ደግሞ በከፊል ከፕሮስቴት ዕጢዬ፣ በከፊልም ለደም ግፊት ከምወስዳቸው መድኃኒቶች የመጣ መሆኑ ታወቀ። ይህን የምጽፈው ሁለት ምልክት ይዘው አንድ በሽታ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ፤ የማቀርበውም በራሴና በቅርብ ሰዎቼ ላይ ያየሁትን፣ ሐኪሞቼንም እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ብቻ ነው።

ምልክቶቹን በዝርዝር ላስቀምጥ፤ ምክንያቱን የሚለየው ዝርዝሩ ነውና። የወገቤ ሕመም ከቀበቶ መስመር ዝቅ ብሎ፣ ከመሐል ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነበር። ብዙ ሰዓት ተቀምጬ ስነሣ ይጠነክራል፤ ጫማ ለማሰር ወይም የውሃ ጀሪካን ለማንሣት ጎንበስ ስል ይወጋኛል፤ ትንሽ ከተራመድሁ በኋላ ይለዝባል፤ ሌሊት ደግሞ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስገላበጥ ይቀሰቅሰኛል። ሽንቱን በተመለከተ፣ ቀን ብዙም ሳያስቸግረኝ እውልና ሌሊት ግን አራትና አምስት ጊዜ እነሣለሁ፤ ሽንት ቤት ደርሼም እስኪጀምርልኝ ቆሜ መጠበቅ አለብኝ፤ አወራረዱ ቀጭንና የሚቆራረጥ ነው፤ ከጨረስሁ በኋላም የቀረ ያለ ይመስለኛል። በሌላ በኩል ስሸና አያቃጥለኝም፣ ደም አላየሁም፣ ትኩሳትም ሆነ ማንቀጥቀጥ የለብኝም፣ ክብደቴ አልቀነሰም፣ እግሮቼም አልደነዘዙም ነበር። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ የወሰደው እነዚህን የሌሉብኝን ምልክቶች አንድ በአንድ በመጠየቅ ሲሆን፣ ለምን እንዳደረገው የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ጥያቄ ግን «ከእንቅልፍዎ የሚቀሰቅስዎ ሽንቱ ነው ወይስ ሕመሙ?» የሚለው ነበር። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ የነበራት አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ ናት። «መጀመሪያ ሲገላበጥና ሲያቃስት ነው የምሰማው፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወገቡን ያሻል፤ ቀጥሎ ነው ወደ ሽንት ቤት የሚሄደው። ወደ ንጋት ላይ ሲሆን ግን ምንም ሳያቃስት ቶሎ ብሎ ነው የሚነሣው» አለችው። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለና አንድ ነገር አስረዳን፤ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ የማይሰማው መጠነኛ ሽንት፣ በሌላ ምክንያት ለነቃ ሰው ይሰማዋል፤ ነቅቻለሁና ልሽና ብሎም ይነሣል። ስለዚህ ከእነዚያ የሌሊት ምልልሶች ከፊሉ የሽንት ሳይሆን የወገብ ሕመም ሥራ ነበሩ። ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች በአንድ መዝገብ ላይ ተደባልቀው እንደ መጻፍ ያለ ነገር ነው፤ ድምሩ ብቻ ሲታይ ምንም አይናገርም። ሐኪሙ ባለቤቴን ስለ ማንኮራፋቴ፣ ተኝቼም ትንፋሼ እየተቋረጠ የሚመለስ መሆን አለመሆኑንም ጠየቃት። ነገሩ ከሽንት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግር ቢለኝም ግንኙነት አለው፤ በእንቅልፍ ላይ የአየር መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ልብ ጫና ይደርስበትና ኩላሊት ጨውና ውሃ አብዝቶ እንዲያስወግድ የሚያደርግ ሆርሞን ይለቃል። እኔ ላይ ይህ አልተገኘም፤ ሆኖም ብዙ የሚያንኮራፋና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ለሐኪሙ ሊነግረው የሚገባ ነገር ነው። አብሮ የሚተኛ ሰው ካለ ወደ ምርመራ ይዞ መሄድ እንደሚጠቅም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ኩላሊት ለምን ቶሎ እንደሚጠረጠር ይገባኛል፤ የሽንት ምንጭ ነው፣ የሚገኘውም በጀርባ በኩል ነው። ነገር ግን ቦታው ብዙዎቻችን እጃችንን ከምናሳርፍበት ከፍ ይላል፤ ከአከርካሪ ግራና ቀኝ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው። የኩላሊት ሕመም በጎን በኩል የሚሰማ፣ ጎንበስ ቀና በማለትም ሆነ አቀማመጥ በመለወጥ እምብዛም የማይለወጥ ነው። ልዩነቱን በታናሽ እህቴ አይቻለሁ። መጀመሪያ ስትሸና ያቃጥላትና ቶሎ ቶሎ ይመጣባት ነበር፤ ከዚያ በግራ ጎኗ፣ ከጎድኗ በታች ሕመም ተሰማት፤ ማታውኑ ብርድ ልብስ ተደራርቦላትም የማይቆም ማንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ትውከት ተከተለ። ሐኪሟ በሕመሙ ቦታ ላይ በእጁ ጎን መታ ሲያደርጋት ጮኸች። ኢንፌክሽኑ ከፊኛ ተነሥቶ ኩላሊት ደርሶ ነበርና ሽንቷ ለካልቸር ተወስዶ ተኝታ በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ተጀመረላት። ካልቸሩ የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገድል የሚያሳይ ምርመራ ሲሆን፣ ያለ ትእዛዝ የተገዛ ክኒን አስቀድሞ የወሰደ ሰው ውጤቱን ሊያበላሸው ይችላል። የኩላሊት ጠጠር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ሕመሙ እየመጣ የሚመለስ፣ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ነው፤ በሽተኛውም የሚሆነውን አጥቶ ይንቆራጠጣል። ወገቡን ጡንቻ ወይም ዲስክ የያዘው ሰው ግን ላለመንቀሳቀስ ነው የሚታገለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ወገብን አለማመሙ ኩላሊት ደኅና ነው ማለት አይደለም። በስኳር ወይም በደም ግፊት ምክንያት ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያምም፤ ሽንትን አወፍሮ የማቆየት ኃይሉን ሲያጣ ግን ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣል። ይህንን የሚያሳየው የሕመም ስሜት ሳይሆን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬያቲኒን የተባለው ቆሻሻና በሽንት ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ምርመራ ነው።

ለእኔ የታዘዙት ምርመራዎች ውድም የተወሳሰቡም አልነበሩም። የሽንት ምርመራ ተደረገ፤ ነጭ የደም ሴል፣ ደም፣ ስኳርና ፕሮቲን እንዳለ ለማየት ነው። ሳልበላ የደም ስኳሬ ተለካ፤ በጾም ሆድ የተለካ ስኳር በተደጋጋሚ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል፤ የእኔ ከዚያ በታች ነበር። ክሬያቲኒኔም ደኅና ነበር። ሐኪሙ በወጣትነቴ የት የት እንደ ሠራሁ ሲጠይቀኝ በመካከለኛው አዋሽ ጥጥ እርሻ ላይ ጥቂት ዓመታት መቆየቴን ነገርሁት፤ ወዲያው ሌላ የሽንት ምርመራ ጨመረበት። በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ ታችኛው ተፋሰስና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ ውሃ ውስጥ ከሚገኝ ጥገኛ ትል የሚመጣው ቢልሃርዝያ፣ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት ይገኛል፤ ሽንትን በደም ይቀላቅላል፣ ሲቆይም ፊኛንና ከኩላሊት የሚመጡትን ቱቦዎች ያጠባል። የጥገኛው እንቁላል በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን አካባቢ ስለሆነ ናሙናው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሰጥ ይመከራል። በእኔ ላይ አልተገኘም፤ ነገር ግን በእነዚያ አካባቢዎች ውሃ ውስጥ እየገባ የሠራ ሰው ሐኪሙ ባይጠይቀውም ራሱ ቢያነሣው መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ ይልቅ ነገሩን የፈታው ግን ምንም ያልተከፈለበት የቤት ሥራ ነበር። ሐኪሙ ለሦስት ቀናት የጠጣሁትንና የሸናሁትን ከነሰዓቱ እንድመዘግብ አዘዘኝ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አፉን ቆርጬ፣ በመድኃኒት መለኪያ ውሃ እየጨመርሁ በየ50 ሚሊ ሊትሩ ጎኑ ላይ በማርከር መስመር አሰመርሁበት፤ ደብተሩን እንደ ለመድሁት በአምድ ከፋፈልሁት። ሰዓት፣ የተጠጣው ምንና ስንት፣ የተሸናው ስንት፣ ያስነሣኝ ሽንቱ ነው ወይስ ሕመሙ፤ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሥራው ያሳፍራል፤ ለልጆች መታየት የለበትም ብዬ ላስቲኩን በመጋረጃ ሸሽጌው ነበር። መመዝገቡን ለሚሞክር ሰው የምነግረው ትልቁ ነገር ቢኖር፣ ጠዋት ሲነሡ የሚሸናው የመጀመሪያው ሽንት የሚቆጠረው ከሌሊቱ ጋር መሆኑን ነው፤ ሌሊቱን የተጠራቀመ ነውና።

ደብተሩ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚሸናው ብዙ ነው ወይስ ጥቂት በጥቂት ነው? ጤናማ የአዋቂ ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በ24 ሰዓት ውስጥ የተሸናው ድምር ከ3 ሊትር ካለፈና ጥማቱም ከበረታ ቀንም ሌሊትም የሚያሸና ምክንያት አለ ማለት ነው፤ ስኳር፣ የካልሲየም በደም ውስጥ መብዛት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ወይም ከልክ ያለፈ መጠጥ ሊሆን ይችላል። ድምሩ ልከኛ ሆኖ የሌሊቱ ድርሻ ብቻ የበዛ እንደሆነ ደግሞ ሰውነት ቀን ያጠራቀመውን ውሃ ሌሊት እያወጣ ነው። በዕድሜ ለገፋ ሰው ከ24 ሰዓቱ ጠቅላላ ሽንት ከ33 በመቶ በላይ የሆነው በሌሊት ከወጣ እንደ ብዙ ይቆጠራል፤ ለወጣት ልኩ ከዚህም ያንሳል። ሦስተኛው ዓይነት ድምሩም የሌሊት ድርሻውም ልከኛ ሆኖ በየጊዜው የሚወጣው ግን 80 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ችግሩ ያለው ፊኛው ወይም መውጫው ላይ ነው፤ ኢንፌክሽን፣ ፕሮስቴት፣ ጠጠር፣ የፊኛ መቆጣት ይጠረጠራል።

የእኔ ደብተር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ ይዞ ተገኘ። የ24 ሰዓቱ ድምር ልከኛ ነበር፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ግን የሚወጣው በሌሊት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያስነሡኝ ሁለቱ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ 100 እንኳ የማይሞሉ ነበሩ፤ በእነዚህ በትናንሾቹ አንጻር «ሕመም» የሚል ተጽፎአል። ባለቤቴ የተናገረችው ነገር በቁጥር ተረጋገጠ ማለት ነው።

የሌሊቱ ብዛት ከየት መጣ? ሐኪሙ ካልሲዬን አስወልቆ ቁርጭምጭሚቴን በጣቱ ተጫነው፤ ጎድጉዶ ቀረ። ለግፊት ከምወስዳቸው ሁለት መድኃኒቶች አንዱ አምሎዲፒን ነው፤ ይህ መድኃኒት በብዙ ሰው ላይ እግር ያሳብጣል። ቀን በእግር ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሌሊት ሰውየው ሲጋደም ወደ ደም ዝውውር ይመለሳል፤ ኩላሊትም ይህንን ያጣራል። ሁለተኛው መድኃኒት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸና ክኒን ነው፤ ሁለቱንም ከእራት በኋላ አብሬ እወስድ ነበር። ይህ ክኒን ከተዋጠ በ4 ሰዓት ገደማ ኃይሉ ይበረታል፤ ማታ በ3 ሰዓት የተዋጠው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያስነሣል ማለት ነው። ሐኪሙ የሚያሸናውን ወደ ጠዋት አዞረው፤ የአምሎዲፒኑን መጠን ቀንሶ የጎደለውን በሌላ መድኃኒት ሞላው። ከሰዓት በኋላ እግሬን ከፍ አድርጌ ጋደም እንድል፣ ጨውም እንድቀንስ ነገረኝ። የእግር እብጠት በልብ ድካምም ሊመጣ ስለሚችል ልቤን አዳምጦ ስለ ትንፋሽ ማጠር ጠይቆኛል። አንባቢ እንዲጠነቀቅ የምፈልገው ግን ይህንን አይቶ የግፊት መድኃኒቱን ሰዓት ወይም መጠን በራሱ እንዳይለውጥ ነው፤ ያዘዘውን ሐኪም «ጠዋት ብወስደውስ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

የጾምን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው የቀኑን ውሃ በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ እስከ መኝታው ባለው ጊዜ ነው፤ በረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቼም እንዲሁ። በዚህ ላይ የማታ ቡና፣ ሻይና ጠላ ሲታከል ሌሊቱ በምልልስ ቢያልፍ አይገርምም። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሆኖም ምርመራ በጾም ወቅት የተደረገ እንደሆነ ለሐኪሙ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የደብተሩ ቁጥር ሌላ ነገር ያስጠረጥራል። እኔ በፍስክ ወራት የማታውን ቡና ወደ ቀን አዛውሬዋለሁ፤ ሦስተኛዋን ስኒ መተው ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ጥማትን መቋቋም ያለበት የለም፤ ቀን በደንብ ጠጥቶ ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት መቀነስ ነው። ሌሊት ላለመነሣት ብለው ጨርሶ ውሃ የሚያቆሙ ሰዎች ሽንታቸው ይወፍራል፤ ለጠጠርና ለኢንፌክሽንም ይጋለጣሉ።

ወደ ፕሮስቴት ልመለስ። ይህ ዕጢ ወንዶች ብቻ ያላቸው፣ ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከቦ የሚገኝ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ያድጋል። 60 ዓመት ከደረሱ ወንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የዚህ እድገት ለውጥ ይገኛል፤ ሁሉም ግን አይታመሙበትም። በአልትራሳውንድ የእኔ ዕጢ ማደጉና ከሸናሁ በኋላ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት በፊኛዬ መቅረቱ ታየ። ይህን ያህል ሳይወጣ ከቀረ ፊኛው ቶሎ ይሞላል፤ ሽንቱም ቶሎ ይመጣል። ኩላሊቶቼ ግን አልተነፋፉም፤ የታመቀ ሽንት ወደ ኋላ ተጭኖ ኩላሊትን ሲነፋ ነው የፕሮስቴት ችግር የጎንና የጀርባ ሕመም የሚያመጣው። በእኔ ዘንድ ይህ አለመኖሩ የወገቤን ሕመም ከፕሮስቴቱ ለመለየት ረድቷል።

በጣት በፊንጢጣ በኩል የሚደረገውን ምርመራ ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ ሲሸሹት አያለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገረው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ምቾት የለውም እንጂ አያምም። ሐኪሙ በጣቱ የሚያገኘው ነገር ከአልትራሳውንድ አይገኝም፤ ለስላሳና እኩል የሆነ ዕጢ ተራ እድገትን፣ ድንጋይ የመሰለ ጓጎላ ደግሞ ካንሰርን ያስጠረጥራል። ከዚሁ ጋር ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ፕሮቲን የሚለካው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ ተደረገልኝ፤ ውጤቱ እንደ ልክ ከሚወሰደው ከ4 በታች ነበር። ይህ ቁጥር ግን በኢንፌክሽንና በተራ እድገትም ይጨምራል፤ ብቻውን ካንሰር አለ ወይም የለም አያሰኝም።

የተጀመረልኝ መድኃኒት ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም ነው፤ የፊኛውን አንገትና የዕጢውን ጡንቻ ያላላል፣ ዕጢውን ግን አያሳንስም። አወራረዱ በቀናት ውስጥ ተሻሻለ። ከተቀመጡበት ተነሥተው ድንገት ሲቆሙ ያዞራል፤ የዘር ፈሳሽም ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ይህ እንደማይጎዳ አስቀድሞ ቢነገረን ብዙዎቻችን መድኃኒቱን በድንጋጤ አናቋርጥም ነበር። የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ታምሱሎሲን መውሰዱን ለዓይን ሐኪሙ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱ በቀዶ ጥገናው ጊዜ የዓይን ብሌን እንደሚገባው እንዳይከፈት ያደርጋልና። ፕሮስቴቱ ላደገ ሰው የሚከለከሉ ነገሮችም አሉ። ለጉንፋን የሚሸጡ አፍንጫ የሚከፍቱና እንቅልፍ የሚያመጡ ክኒኖች ሽንትን ሊዘጉ ይችላሉ፤ ለቆየ የወገብ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ለወገቤ አሚትሪፕቲሊን ሊሰጠኝ ነበር፤ ሐኪሞቹ የሽንቱን ነገር ሲሰሙ ተዉት። ሁለቱን ሕመሞች ለሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ለየብቻ የሚናገር ሰው የሚደርስበት አደጋ ይህ ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ያባብሳል።

የወገቡ ጉዳይ አጭር ነው። እግሬን ቀጥ አድርጎ እያነሣ፣ የጉልበቴንና የቁርጭምጭሚቴን ምላሽ በመዶሻ እየፈተነ፣ የመቀመጫዬን አካባቢ ስሜት እየነካ መረመረኝ፤ ነርቭ የተጫነ ነገር አላገኘም። ራጅ የታዘዘው ዕድሜዬን በማየት ሲሆን፣ የታየውም በእኔ ዕድሜ ባሉ ሰዎች ዘንድ የተለመደ የዲስክና የመገጣጠሚያ መሳሳት ነው። ፊዚዮቴራፒ፣ በየቀኑ መራመድ፣ ሲያስፈልግ ፓራሲታሞል፣ በጎን ሲተኙ በጉልበት መሐል ትራስ ማድረግ፣ ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ በጎን ዞሮ በክንድ ተደግፎ መቀመጥ፤ ይህ ነው የተሰጠኝ ሕክምና። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም እንዳልወስድ በጥብቅ ተነገረኝ፤ ግፊት ይጨምራሉ፣ ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲሆኑም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ ጤነኛውን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። «ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ በየመንደሩ ዳይክሎፌናክ የሚወጋ ሰው ስንት እንደሆነ ሳስብ ይጨንቀኛል።

ይህን ሁሉ ስል ሁለቱ ምልክቶች ሁልጊዜ ሁለት በሽታ ናቸው ማለቴ አይደለም። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ምልክቱ ከእኔ ጋር ይመሳሰል ነበር፤ ልዩነቱ የወገቡ ሕመም ሲተኛ የማይቀንስ፣ እንዲያውም ሌሊት የሚብስ፣ ከሳምንት ሳምንት እየጠነከረ የሚሄድ መሆኑና ክብደቱ መቀነሱ ነው። የተገኘበት ወደ አከርካሪ አጥንቱ የተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ነበር። በአገራችን የማይረሳው ሌላው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ መክሳት፣ በአከርካሪ አንድ ቦታ ላይ ሲነካ የሚያም ሕመም ካለ ይጠረጠራል፤ ሳል ባይኖርም ይሆናል፤ ነቀርሳው የሽንት አካላትንም ሊይዝ ይችላል። ብዙ ያልተለመደ ቢሆንም መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር አጥንትን እየበላ ወገብ ያሳምማል፤ ከአጥንት የሚለቀቀው ካልሲየምም ሽንት ያበዛል። ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ሲሸና ኢንፌክሽን ደግሞ በቀላሉ ኩላሊቱን ሊይዘው ስለሚችል ሁለቱ ምልክቶች በአንድ መነሻ ይገናኙበታል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውም አሉ። በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ ድንገት መደንዘዝ፣ የሁለት እግር መዛል፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ ከወገብ ሕመም ጋር ከታየ የታችኞቹ ነርቮች ተጨፍልቀው ይሆናልና በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ በሰዓታት መዘግየት ሽንትን መቆጣጠር እስከ መጨረሻው ሊያሳጣ ይችላል። የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከማንቀጥቀጥ ጋር፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሽንት፣ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ድንገት የመጣ ኃይለኛ የሆድና የጀርባ ሕመምም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ሴት ወገቧን ቢያማትና ሽንት ቢመላለስባት የእርግዝናው ተራ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት ወይም ማቃጠል ከታከለበት ግን ሳትዘገይ ትታይ፤ በእርግዝና የኩላሊት ኢንፌክሽን ለእናትም ለፅንስም አደገኛ ነው። በዕድሜ ከፍ ላሉ ሴቶች ደግሞ የማሕፀን ወደ ታች መውረድ ወገብን የመጎተት ስሜትና ሽንትን አለመጨረስ አብሮ ያመጣል፤ እናቶቻችን በዕፍረት የሚደብቁት በመሆኑ ልጆች ጠየቅ ቢያደርጓቸው ጥሩ ነው።

አሁን ሌሊት አንዳንዴ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ እነሣለሁ፤ ሐኪሙም ለዕድሜዬ ከዚህ በታች እንዳልጠብቅ ነግሮኛል። ወገቤ ብርድ ሲሆንና ብዙ ስቀመጥ ይመለሳል፤ እንቅልፌን ግን አይነጥቀኝም። የሚቀረው ሽንት እንዳይጨምር አልትራሳውንዱ በየጊዜው ይደገማል፤ ፒ.ኤስ.ኤ.ም በዓመት አንዴ ይታያል። ታምሱሎሲንና የግፊት መድኃኒት አብረው ስለሚያዞሩ ሌሊት ከአልጋ ስነሣ ጥቂት ተቀምጬ ነው የምቆመው፤ ሽንት ቤታቸው ግቢ ውስጥ ራቅ ብሎ ያለ አረጋውያን በጨለማ ደረጃ ከሚወርዱ ከአልጋቸው አጠገብ ፖፖ ቢያስቀምጡ ይሻላቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ከሁለቱም ሕመሞች የከፋ ነው።